የማዋለጃው በር ልክ

ደባርቅ፣ የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐይ አለ፤ ነፋሱ ግን ከሊማሊሞ በኩል እየመጣ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ቢሮ ውስጥ ያለነው እኔና ሸጊቱ ነን፤ እሷ ወረቀት ታባዛለች። አለቃችን ኢንጂነር የሺዋስ አሁን ወጣ።

ይድረስ ለቀድሞው ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ የበየዳን ብርድ ቻለው? እኔ ይመስገነው ደኅና ነኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስጽፍልህ ለሰላምታ ብቻ እንዳልሆነ ይገባሃል።

እዚያ በየዳ የምትገነባው ማዋለጃ ፕላን የእኔ እጅ ሥራ ነው። ይህን አታውቅም፤ ስሜ የለበትም። እዚህ የገባሁት ለጽዳት ነበር። የሚጣለውን ወረቀት እየለቀምሁ፣ ሸጊቱን እየጠየቅሁ፣ በኮምፒውተር መሣል ቻልሁ። አሁን እኔ እሠራለሁ፣ የሺዋስ ይፈርማል።

ጥፋቴን ልንገርህ። ፕሮግራሙ በር አስገባ ስትለው፣ ልኩን ካልነገርኸው የራሱን ይሰጣል፤ ዲፎልት ይሉታል። ዘጠኙንም በሮች ዘጠና ሳንቲም አድርጎ ሰጠኝ። የማዋለጃ ክፍሉን በኋላ ለብቻው ሜትር ከሃያ አደርገዋለሁ ብዬ አለፍሁት። ከዚያ ለመጸዳጃው ሰባ ይበቃዋል ብዬ ቀነስሁ። የቀነስሁት ግን የዚያን የአንዱን በር ልክ ሳይሆን ሁሉም የሚጋሩትን የበር ዓይነት ልክ ኖሯል፤ ዘጠኙም አብረው ሰባ ሆኑ። ሳላይ ታተመ፣ ማህተም አረፈበት፣ ወደ እናንተ መጣ። ያየሁት ዛሬ ነው።

ለየሺዋስ ነገርሁት። ሆዱን መታ መታ አድርጎ «እኔን የሚያሳልፍ በር ማንን ይከለክላል?» ብሎ ሳቀ። ሸጊቱ «አንተማ በጎንህ ነው የምታልፈው» አለችው። እኔ አልሳቅሁም። ምጥ የያዛት የበየዳ ሴት በእግሯ አትመጣም፣ ስድስት ወንድ በቃሬዛ ተሸክሞ ያመጣታል፤ ቃሬዛ በሰባ አይገባም አልሁት። «እንግዲያ ደጃፉ ላይ ወርዳ በእግሯ ትግባ» አለ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። የጸደቀ ፕላን ከተነካ እንደገና ለማጽደቅ ሁለት ወር ይፈጃል አለኝ። ከነካሁት ቁልፉን አስረክቤ እንድሄድ ነገረኝ።

ሾፌሩ ምሥጋናው ነገ ጠዋት ሲሚንቶ ይዞ ወደ እናንተ ይነሣል። መሠረቱ አልቆ ነገ ግድግዳ እንደምትጀምሩ የነገረኝ እሱ ነው። ይህ ሲደርስህ ድንጋዩ ጉልበት ደርሶም ከሆነ፣ እባክህ አፍርሰው። ከተሰጠህ ወረቀት አንድ ጣት እንደማታልፍ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ወረቀት እልክልሃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ምጥ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁኝ ልጃችንን ያጣን ዕለት፣ የቃሬዛውን የፊት ወገን የያዝኸው አንተ ነበርህ። በሩ ላይ አጋድለህ ጣልኸኝ እያልሁ ስከስስህ ኖርሁ። ዓይኔ ግን ክፍት ነበር። የበሩን መቃን በግራም በቀኝም አይቼዋለሁ። ቀጥ አድርገህ ብትይዘው አይገባም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ ጠዋት

አንድ ሰዓት ላይ ቢሮውን ከፈትሁ። ለማዋለጃ ክፍሉ የራሱ የሆነ አዲስ የበር ዓይነት ፈጥሬ ሜትር ከሃያ አልሁት። የመጸዳጃውን ሰባ ትቼ ሌሎቹን ሰባት ወደ ዘጠና መለስሁ። አንድ በአንድ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። አተምሁ። የሺዋስ በሚፈርምበት ቦታ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁ። ቁልፉን ለሸጊቱ ሰጠኋት፤ «ምን ልበለው?» አለችኝ፣ የሠራሁትን ንገሪው አልኋት። አሁን የምጽፈው የምሥጋናው መኪና አጠገብ ቆሜ ነው፤ ሞተሩን አስነሥቶ «እትዬ፣ መንገዱን አስመሸሽብኝ» ይለኛል።

ከመሰላል መንሸራተት፣ ከሚናድ ድንጋይ ይሰውርህ። በዚያ በር የምትገባ ሁሉ ልጇን ታቅፋ ትውጣ።

የልጅህ እናት