ቁጥር አንድ ላይ የነበሩት አሞርዛተሮች

ይድረስ ለእህቴ ለእታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? የማንኩሽ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን በቃሉ የሚሰጥሽ፣ እሱና ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ከነገሩሽ በኋላ ነው። አስተማሪ ነሽና ፊደሌን በቀይ አታርሚብኝ።

የምጽፍልሽ ስለ አሞርዛተሮቹ ነው። ማክሰኞ ደውለሽ፣ የመኪናህን አሞርዛተሮች ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ አውጥተህ አየሁ፤ እማዬን በምን ልታመላልሳት ነው አልሽኝ። የተሻለ አግኝቼ ነው አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ሽማግሌዎቹ፣ የእናት መርዶ በማለዳ ፊት ለፊት እንጂ በስልክ አይነገርም ብለው ቃል አስገብተውኝ ነበር። እኔ ሞኙ አፌን ዘግቼ በእጄ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። አንቺ ታዪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ እነዚያን ብረቶች ከዓይኔ ማራቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ያገለገሉ ሆነው ከኡመር ጋራዥ ስገዛቸው ታስታውሻለሽ። ከአምባ አሥራ አራት አሶሳ ሆስፒታል እስክንደርስ እያንዳንዱ ጉድጓድ እማዬን ወገቧን ይወጋት ነበር። ንጠቱን የሚያበርዱበት መዞሪያቸው ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንድ ለስላሳ፣ አምስት ለጭነት። ቁጥር አንድ ላይ አድርጌ የወሰድኳት ቀን፣ ዛሬ ገና እንደ ሰው ጫንከኝ ብላ ሳቀችብኝ።

ያለፈው ዓርብ ከሆስፒታል ስንመለስ ስድስት ወንዶች ከኋላ አብረዋት ተቀመጡ። ኡመር፣ ሰው ብዙ ነው፣ አምስት አድርገው፣ ይሰበራል አለኝ። ልክ ነበር። እንቢ አልኩት። ቁጥር አንድ ላይ እንዳለ፣ ጉድጓዱን እየዞርኩ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ይልቅ ቀስ ብዬ ቤቷ አደረስኳት። የመኪናው ሆድ ሁለቴ መሬት ነካ። ያን ቀን አላለቀስኩም። ለቅሶ ላይም ሰው ሁሉ ሲያየኝ ደረቅ ነበርኩ፤ ሳያሙኝ አልቀሩም።

አሞርዛተሮቹን የገዛኝ የባምባሲ ሰው ነው፤ ማንጎ ይጭናል። ፈትተን ስናወርዳቸው፣ ይህን ያህል አለስልሰህ ምን ትጭንበት ነበር አለኝ። ጎንበስ ብሎ አራቱንም ወደ አምስት አዞራቸው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ ሰውየው ዋጋው ያነሰብኝ መስሎት ደነገጠ።

የድሮዎቹን መልሼ ገጥሜያለሁ። አሶሳ ስትደርሺ የምቀበልሽ እኔ ነኝ፤ መኪናው ይንጥሻል፣ ቻይኝ። ስለ ውሸቴም ይቅር በይኝ።

ፈጣሪ ለሁለታችንም ጽናቱን ይስጠን፣ መንገድሽን ያቅናው።

ታናሽ ወንድምሽ