እህት በወንድሟ እጅ የምታስረው ክር

ይድረስ ለእህቴ ለጥሩዬ፤

ከተለየሽን አራተኛው ነሐሴ ገባ። ዝናቡ አላባራም። ከወገዳ በኩል የመጣ ሰው ሁሉ ወንዙ ሞልቷል ሲለኝ ወጥቼ ደመናውን አያለሁ። እንደምን አለሽ ብዬ ብጠይቅሽ መልስ የለሽምና የምፈራውን በቀጥታ ልንገርሽ፤ ልጅሽ የሺ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል።

ሕንድ አገር ተምሬ የተመለስኩ ጊዜ የነገርኩሽን ታስታውሺያለሽ? እዚያ በክረምት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ የእህትና የወንድም በዓል አላቸው። እህት በወንድሟ እጅ ላይ ክር ታስራለች፣ ግንባሩን ቀለም ትቀባዋለች፤ እሱም ስጦታ ሰጥቶ እጠብቅሻለሁ ይላታል። የተከራየሁበት ቤት ልጅ ባዶ እጄን አይታ አዝናልኝ ቀይ ክር አሰረችልኝ። አንቺ ይህን ስትሰሚ ሳቅሽብኝ። «ክርማ አንገት ላይ ነው ወንድምዬ፤ እጅ ላይ የሚያስር ጠንቋይ ነው» አልሽ። በማግስቱ ግን ከራስሽ ፈትል ገምደሽ አሰርሽልኝ። ቀለም ስላጣሽ ግንባሬን ቅቤ ቀባሽኝ። ጎረቤቱም ከሕንድ ዛር ይዞ መጣ ብሎ አወራብኝ። ምን ስጦታ ልስጥሽ ብዬ ብጠይቅሽ፣ ሻሽ አልፈልግም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ድረስልኝ አልሽኝ።

ክፉው ቀን መጣ። ምጥ ጠንቶብሽ በቃሬዛ ሲያመጡሽ ወንዙ አላሻግር አለ። እኔ ከማዶ ቆሜ ተሸካሚዎቹን አያለሁ፤ አንቺን ግን አላይም። ድልድይ ይሠራል ሲባል ነበር። ዛሬም ይሠራል ይባላል።

ስለዚህ ዘንድሮ ወንዙ ሳይሞላ የሺን ላመጣ ሄድኩ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል አይደል ወጋችን? አማቷ ግን ቀለደችብኝ። «እናቷ የለች፤ የት ልትወስዳት ነው? ገንፎውን አንተ ልታገነፋላት?» የቤቱ ወንዶች ሳቁ። የእናቷ ወንድም ቤት የእናቷ ቤት ነው ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ያኔ የሺ፣ ከአንቺ እንደሰማችው፣ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ፣ ሰው ሁሉ እያየ እጄ ላይ አሰረችው። እዚያው የነበሩት የንስሐ አባታቸው ደነገጡ፤ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። የባዕድ አምልኮ ነው ብለው እንዳይቆጡ እየፈራሁ ሁሉንም አስረዳኋቸው። አባ ወደ አማቷ ዞሩ። «እነዚያ ያላመኑት እህታቸውን የሚጠብቁ ከሆነ፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ምን ሊባልብን ነው? ስደጃት» አሏት።

ሰደደቻት፤ ግን ራሷም ተከትላ መጣች። አሁን መካነ ኢየሱስ ከተማ እኔ ቤት ሆና ድስቶቼን ትረግማለች። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ወንዝም የለብንም። ቢሆንም ትናንት አዋላጇ የየሺ የደም ግፊት ከፍ ብሏል አለችን። አማቷ እንኳ ከዚያ ወዲህ ቀልዷን ትታለች። የሺ ወገቧን ይዛ በተነሳች ቁጥር እኔም እነሳለሁ፤ እሷ ደግሞ ተቀመጥ አጎቴ፣ አንተን ነው ያመመህ እንዴ ትለኛለች። ድምፅሽ ነው ያላት።

ጥሩዬ፣ እሷን ካጣሁ ሌላ ደብዳቤ ልጽፍልሽ አልችልም። በሰላም ከተገላገለች ግን፣ ልጇ ነፍስ ሲያውቅ፣ አያትህን እግዚአብሔር ወሰዳት ብዬ አላልፈውም። ወንዙ ዳር ወስጄ ቃሬዛሽ የቆመበትን ቦታ በጣቴ አሳየዋለሁ፤ ድልድይ እንሠራለን ብለው ያልሠሩትንም በየስማቸው እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ