ሲጠሩ አሉ፣ ሲቆጠሩ የሉም

ጥቅምት 3
ደባርቅ ውርጭ ነው። የምሠራበትን የገበሬዎች ማኅበር የበግ ክትባት መዝገብ ፒኤችፒ ከሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ወደ ጃቫስክሪፕት ማዛወር ጀመርኩ። ለሙከራ የበየዳ ወረዳን ብቻ። አሮጌው ኮድ ክትባት በስልክ የጠየቀውን ሰው ሁሉ በስሙ ነው የሚያስቀምጥ። ስሙን ስትሰጪው መንደሩን ይሰጥሻል። እንዳለ ገለበጥኩት። ሠራ። በቃ ይኼው ነው?

ጥቅምት 6
አዲሱ መዝገብ "በየዳ፦ ጠያቂ 0" አለ። አለቃዬ ጋሽ መልከ ጼዴቅ በየዳን ትተው የክትባቱን መኪና ወደ ዳባት ላኩት። እኔማ ደስ አለኝ... በጎቹ ደኅና ናቸው ብዬ።

ጥቅምት 10
አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ከበየዳ መጡ። ፈንጣጣ በጎቻቸውን ፈጅቷል።
"ስሜን በስልክ አስይዤ ነበር እኮ፣ ልጄ።"
ስንት ቀረልዎ ስላቸው ተቆጡ። "የቀረ አይቆጠርም፣ ሟርት ነው! መድኃኒቱን ብቻ ስጡን።"
መዝገቡን ከፈትኩት። በስማቸው ስጠይቅ... አሉ! ስንት ሰው አለ ስለው፣ ዜሮ።
እንዴት?

ጥቅምት 11
አንድ በአንድ ስጠራቸው ሁሉም አሉ። የዝርዝሩ ቁጥር ግን ዜሮ። ሰው የሞላበት ቤት ባዶ ነው ይባላል?
ጎንደር አብሮኝ የተማረው አበባየሁ ጋ ደወልኩ።
"ያ ዝርዝር በቁጥር የገባውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በስም ያስገባሽውን ይይዘዋል እንጂ አይቆጥረውም። በስም ይዞ የሚቆጥር ማፕ የሚባል አለ፣ እሱን ተጠቀሚ።"
"ታዲያ ለምን ስህተት ነው አላለኝም?"
ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ጥቅምት 12
በማፕ አደረግኩት። ሠላሳ አራት ሰው! ሠላሳ አራት... አሁንም በደንብ አልገባኝም። ፒኤችፒ በቁጥርም በስምም የገባውን በአንድ ዕቃ ይይዝ የለም እንዴ?
ጋሽ መልከ ጼዴቅ "ለበየዳ ሰዎች፣ ጥፋቱ የሲስተም ነው በያቸው" አሉኝ። ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 13
ክትባቱ ወደ በየዳ ሊሄድ ሲጫን አያ ደምለው በር ላይ ቆመዋል። ሲስተም ነው ልል አፌን ከፈትኩ... አልወጣልኝም።
"ስምዎ ነበረ። የለም ያስባልኩት እኔ ነኝ።"
አፈርኩ፣ መሬት መሬት አየሁ።
"እንግዲያ አብረሽን ነይ። ሰዉን አንቺው ጥሪው" አሉኝ።

ጥቅምት 14፣ በየዳ
ሠላሳ አራቱንም በየስማቸው ጠራሁ። ሁሉም መጡ። አሥራ አንዱ ግን የሚነዱት በግ አልቀራቸውም።