የተደፈነው አፍንጫዬ

ጥቅምት 3
የሆቴሉ ምድር ቤት። የፍሳሽ ቧንቧው ተደፍኖ ገንፍሏል፤ ልንከፍተው ወረድን። ባልደረባዬ ሁለቴ ወጥቶ አስመለሰ፤ እኔ ምንም። የግራ አፍንጫዬ ከተደፈነ ሁለት ዓመት አለፈው፣ የቀኙም ከእሱ አይሻልም። «ሳይደግስ አይጣላም፣ ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠርከው» አለኝ።

ሚስቴ እንደልማዷ የሥራ ልብሴን በረንዳ ላይ አስወለቀችኝ። ስንተኛም ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። ሰለቸኋት መሰለኝ...

ጥቅምት 9
ዛሬም ነሰረኝ። በግራው ብቻ።

ጥቅምት 12
የተደፈነ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ቀጭን ሽቦ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ ወደ ውስጥ... ዓመል ያወጣል ከመሀል። ደሙ አልቆም አለ። ሚስቴ ፎጣ ይዛ ስትሮጥ ፊቷ አመድ መስሏል። የሰለቸው ሰው እንዲህ ይደነግጣል?

ጥቅምት 13
ሆስፒታል። ወጣቱ ሐኪም በካሜራ አየኝ። «ቀይ ሥጋ በቅሏል፣ ቆንጥረን እናስመርምረው?» አለ። አለቃው፣ ጠና ያለች ሴት፣ «እጅህን ሰብስብ። ደሙ ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ አይነካም» አለችው። ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ወንድሜ፣ አፍንጫህ ቧንቧ መሰለህ?»



ጥቅምት 20
የቀለም መርፌ ወግተው ሲቲ ስካን አነሱኝ። ከደም ሥር የተነሳ እጢ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ አይታይም አለች ሐኪሟ። መጀመሪያ በብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ደም የሚያቀብለውን ሥር ይዘጋሉ፣ በማግስቱ በአፍንጫዬ ያወጡታል። ይሄ ገባኝ። ዋናው ሳይዘጋ ቧንቧ አይፈታም።

«በደንብ ካልተዘጋስ?»

«ብዙ ደም ይፈስሃል። ልናጣህም እንችላለን።»

ፈራሁ። ሚስቴን ቀላል ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ኅዳር 2
ትናንት ወጣ። ብዙም አልደማሁም አሉ። አፍንጫዬ ተወትፏል፣ በአፌ ነው የምተነፍሰው። ሚስቴ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል።

ኅዳር 15
የእጢው ምርመራ ውጤት መጣ። ክፉ አይደለም። ሊመለስ ስለሚችል ግን ለዓመታት መታየት አለብኝ። ይሁን።

ታኅሣሥ 18
ሥራ ገባሁ። ያው ምድር ቤት። ዛሬ ያስመለሰው እኔን ነው፤ ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በረንዳ ላይ ልብሴን አወለቅኩ፣ ሽታው አልሄደም። ክንዴን አሸተትኩ። ለካ እኔው ነኝ... ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ ነው አጠገቧ የተኛሁት?

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ቤቱን ያቆመው ይሄው ሥራህ አይደል?»

አፈርኩ። ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ። ስገባ ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። የፀጉሯ ሽታ... ረስቼው ነበር።

«ታጥቤያለሁ» አልኳት።

ዞረች።