ከአማካዩ የተባረሩት ማሳዎች

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አለቃዬን አቶ ዳናን ዛሬስ ናቅኩት። አዲሱ የበቆሎ ዘር ሁምቦ ወረዳ ላይ የተባለለትን አማካይ ምርት መስጠት አለመስጠቱን ቲ-ቴስት በሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት ፈትሼ ውጤቱን ወሰድኩለት። አልሰጠም፤ ጉድለቱም በአጋጣሚ የሚመጣ ዓይነት አይደለም።

"ያበላሹብን የደረቁት ማሳዎች ናቸው። አውጪያቸውና እንደገና ስሪው" አለኝ።

"ሁምቦ እኮ ይደርቃል። ገበሬው የሚዘራው እዚያው ነው።"

"አታካብጂ! አማካይ ማለት ደህና ደህናው ነው።"

ማስተርስ አለኝ ይላል፣ ይሄ ሰው።

"እንግዲያው ስሜን ከሪፖርቱ ያውጡልኝ" አልኩት። ቅር እንኳ አላለውም፤ የደረቁትን ራሱ አወጣና በእኔ ቦታ የራሱን ስም ጻፈበት።

ከቢሮ ኮርቼ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ አረካ መገንጠያ ስደርስ ግን ኩራቴ ጠፋ። ስሜ ወጣ እንጂ ዘሩ አልቀረም፤ በበልግ ለገበሬው ይታደላል። ነገ ሁምቦ ወርጄ ለገበሬዎቹ ካልነገርኩ፣ ከእሱ በምን ተሻልኩ?