ሥዕሏን ልሳለም ስል

ፍራንክፈርት፣ ቅዳሜ ማርች 4፣ 1995

ልጄ ሶስና ለልደቴ ብላ፣ ወንዙ ዳር ባለው የሥዕል ሙዚየም ለብቻዬ ከሚያስጎበኝ ሰው ጋር ቀጠሮ፣ እዚህ ቴርሚን የሚሉትን፣ ያዘችልኝ። «ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» ስላት «ኧረ አላውቀውም» አለች። ሄጄ ባየው ሐበሻ ወጣት ነው። ለማያውቀኝ ሰው ክንዴን መደገፉ፣ ቦርሳዬን መያዙ ምን የሚሉት ነው? ከሥዕሉ ይልቅ ስለ ጤናዬ የሚጠይቀው ይበዛል። ነገሩ አላማረኝም።

እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሳያት ግን ራሴን ረሳሁ። ልሳለማት ስጠጋ ደወሉ ጮኸ፤ ጥበቃው እየሮጠ መጣ። ልጁ በጀርመንኛ አባብሎ መለሰልኝና «አይስጉ እማማ፣ ለማንም አልናገርም» አለኝ።

ቤት ስደርስ ሶስና በሩን የከፈተችልኝ እየሳቀች ነው።

«ማማ፣ ሥዕሉን ልትስሚ ነበር?»

ገና ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም።