ጥር 11 ቀን ስለተገመገመው የሒሳብ ትምህርት

ለተከበሩ አቶ ገብረጊዮርጊስ፣
የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ የተግባር ልምምድ አስተባባሪ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ሥራ ለበዛበት ማኅተምዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ አብነት አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የማስተምር ነጅማ ረሻድ ነኝ። እጩ መምህርት ሶረቲ ዱጉማን ለስምንት ሳምንት ልምምድ የላኩልኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

፩. ገምጋሚዎ ሁለት ጊዜ ክፍል ገብተው ሶረቲ ስታስተምር እንደሚያዩ ደብዳቤዎ ይገልጻል። ስምንቱንም ሳምንት ከክፍሉ ስላልወጣሁ፣ የገዛ ዓይኔን ካልተጠራጠርኩ በቀር አንድም ቀን አላየኋቸውም። ውጤቱ ግን መጣ፤ ከመቶ አርባ አንድ፣ ወድቃለች። የተገመገመችበት ቀን ጥር 11 ይላል። በጥምቀት ዕለት፣ ሰፈሩ ታቦት ሲያጅብና ትምህርት ቤታችን ተቆልፎ ሳለ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተከታተሉ ገምጋሚ ስላሉን ዕድለኞች ነን።

፪. አስተያየቱ «መምህሩ ጀርባውን ለተማሪዎች ይሰጣል» ይላል። ሶረቲ ሴት ናት። ከማን ፎርም ተገልብጦ ይሆን ብዬ መጠርጠሬን ይቅር ይበሉኝ።

፫. «የተማሪዎችን ችግር አይለይም» የሚለው ግን አንጀቴን አሳረረው። ሰሚራ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ከመስከረም ጀምሮ ከሰሌዳ የምትገለብጠው ሁሉ ስህተት ስለነበር ሰነፍ ብያት ቆይቻለሁ። ሶረቲ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት «ቲቸር፣ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ሰሌዳው አይታያትም» አለችኝ። የዚያኑ ቀን ጌጃ ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ የሰሚራን እናት አነጋገረች፤ ልጅቷ ታክማ መነጽር አደረገች። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት እኔ ያላየሁትን እሷ አየች። አፍሬያለሁ፤ አልደብቀውም።

ይህንን ለማስረዳት ከሶረቲ ጋር ቢሮዎ ስንመጣ፣ ቀና ሳይሉ «ወይዘሮ፣ ፎርሙ ተፈርሟል፤ የተፈረመ ነገር ተደርጓል ማለት ነው» አሉን። ሶረቲ እንባዋን እስከ ደረጃው ድረስ ብቻ መያዝ ቻለች። በጥምቀት ትምህርት ቤቱ ዝግ እንደነበር የሚገልጸው የርእሰ መምህራችን ደብዳቤ ከደረሰዎ በኋላ ግን ስህተቱን ስላረሙልን እናመሰግናለን፤ ቀኑ ወደ ጥር 9 ተዛወረ። ቅዳሜ ነበር። ውጤቱ ያው አርባ አንድ ነው።

ልምምዱን እንድትደግም፣ ምርቃቷም ለዓመት እንዲቆይ ወሰኑ። ሶረቲ ሙያውን ትታ አጎቷ ሱቅ ልትገባ ተነሥታ ነበር፤ ሦስት ቀን ለምኜ መለስኳት። ከሰኞ ጀምሮ እኔው ክፍል እያስተማረች ነው፤ ድምፅዋ ገና አልጠናም፣ ግን መጥታለች።

ሳያዩ የሚያውቁ ዓይኖችዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እየለመንኩ፣ ለማኅተምዎም ዕረፍት እየተመኘሁ፣
ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር
ነጅማ ረሻድ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ማስታወሻ፦ ዘበኛችን ጋሽ ፍሬምናጦስ በበሩ የገባ እንግዳን ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን በእጁ መዝገብ ላይ ያስጽፋሉ። የስምንቱን ሳምንት ገጾች ፎቶ ኮፒ አያይዣለሁ። እባክዎ የገምጋሚዎን ስም ይፈልጉልኝ፤ እኔ አጥቼዋለሁ።